በሙዝ መኪና የመጣችው ትንኝ

ዝናብ ያቆረው ውሃ ላይ ነጭ ጋዝ ሲደፋበት የሚወጣውን ሽታ ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። ምድጃ ላይ ሲነድ ከሚሸተው ይለያል። ቀዝቀዝ ያለ፣ ጭቃ ጭቃ የሚል፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አልወጣም የሚል ሽታ ነው። በቅርቡ ጉዳይ ኖሮኝ ፒያሳ ስወርድ አንድ ጎሚስታ በራፉ ላይ ያለች ኩሬ ውስጥ ጋዝ ደፍቶ ኖሮ ሽታው ያዘኝና ቆምኩ። ሰውዬው "እናት፣ ጎማ ነው?" አለኝ። ጎማም መኪናም የለኝም። ኩሬህን እያሸተትኩ ነው አይባል ነገር፣ ሰው እየጠበቅኩ ነው አልኩት።

ያ ሽታ እማዬን ወባ የያዛት ዓመት ሽታ ነው። ወባ፣ ያውም አራዳ መሃል። የአዲስ አበባ ብርድ ትንኝን ራሷን ያንቀጠቅጣል እንጂ ወባ አያሳድርም ይባል ስለነበር ነገሩ ጉድ ተባለ። ጉዱን የሚመረምር ሰው ተላከ፣ እኔም የሰውዬው ጭራ ሆንኩ። ያኔ ወሬ የሚባል ነገር ከእኔ ቀድሞ የትም አይደርስም ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ "ይቺ ብዙነሽ ስትወለድ መጀመሪያ የወጣው አፍንጫዋ ነው" ይሉኝ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ለእኔ ያኔ የነገረኝ የለም፤ እናንተ ግን እንደኔ እንድትዳክሩ አልፈልግም። ወንድሜ ደምሴ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ቀበሌው የጎረምሳ ስም መሰብሰብ በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ። እማዬ በራፍ ላይ ቁጭ ብላ "ተቆጣሁት፣ ኮብልሎ ጠፋብኝ" እያለች አለቀሰች። ግቢው አብሯት አለቀሰ። እውነቱ ግን የላከችው ራሷ ናት። ከወልቂጤ ወዲያ፣ ጊቤ ዳር፣ በቆሎ የሚያርስ ወንድም ነበራት፤ እሱ ጋ ደበቀችው። ከተገኘ እሱ በቀጥታ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር፣ እሷ ደግሞ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ነበር የሚወሰዱት። ያቺ ሴት ይህን ሁሉ ይዛ በትንሿ ሱቋ ክርና አዝራር ትሸጣለች፣ ማታ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛለች።

እኔ እንደ ሰው ሁሉ መኮብለሉን አምኜ ተናድጄበት ነበር። ትምህርት ሲከፈት ደብተሮቼን በጋዜጣ ሊሸፍንልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። የእኔ ደብተር ብቻ ራቁቱን ቀረ።

መስቀል እንዳለፈ እማዬ ወገቤን አሞኛል አለችና እንጦጦ ፀበል ልትገባ ሄደች። አባታችን እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ የሚይዘኝ አልነበረምና ለእትዬ ጥሩነሽ ሰጠችኝ። እትዬ ጥሩነሽ ከጊዮርጊስ ወደ አትክልት ተራ ሲወረድ፣ ግቢያችን በር ላይ ከሰል አያይዘው እሸት በቆሎ የሚጠብሱ ሴት ነበሩ። ያን ሳምንት ቁርሴም መክሰሴም በቆሎ ሆነ። እማዬ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ እግሯን አሁንም አሁንም ታካለች። የፀበል ጠርሙስም አልያዘችም። እንጦጦ ይሞቃል እንዴ ብዬ ብጠይቃት የፀበል ነገር አይጠየቅም አለችኝ። ስለዚህ ፀበሉ የፈላ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። እንጦጦ ላይም ፍል ውሃ አለ ብዬ ከአስተማሪያችን ጋር ክፍል ውስጥ ተከራክሬ ጥግ ቆምኩ።

ጥቅምት እንደገባ ማንቀጥቀጥ ጀመራት። ፀሐይ አናት ላይ ሆና እሷ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ፣ የደምሴን ካፖርት ሳይቀር ጫንኩባት፤ አልጋው ሲጢጥ ሲጢጥ እስኪል ድረስ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ እንደ እሳት ጋለች፣ ከዚያ አላባት፣ ከዚያ ተነስታ ሱቋን ከፈተች። በነጋታው ደህና ዋለች። በሦስተኛው ቀን ያው ሰዓት ሲደርስ ያው። እኔ በሽታው እንዲህ ሰዓት አክባሪ መሆኑ አስገርሞኝ፣ የሚመጣበት ቀን ሲሆን ካፖርቱን ቀድሜ አልጋው ላይ አስቀምጥ ነበር።

ግቢው መጀመሪያ ምች ነው አለ፣ ቀጥሎ ግርሻ ነው አለ፣ የዳማከሴ ጭማቂም ተጠጣ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄደች። ጣቷን ወግተው ደሟን አዩና ወባ ነው አሏት፤ በቅርቡ ወዴት ቆላ ወርደሽ ነበር ብለውም ጠየቋት። እኔ ከአራዳ ወጥቼ አላውቅም አለች። ኪኒን ተሰጥቷት መጣች፤ ወሬው ግን ከኪኒኑ ቀድሞ ግቢያችን ገብቶ ነበር።

ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ ዓይን ዓይኗን ሲያያት እማዬ ምን አለች? "እሸቱ ነው" አለች። በዚያ ዘመን ንዳድ የሚመጣው እሸት በቆሎ በመብላት ነው ብሎ የማያምን ሰው አልነበረም። ክረምት ሲወጣ ቆላው በቆሎ ይበላል፣ ቆላው በወባ ይወድቃል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል። ስለዚህ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከማግስቱ ጀምሮ የእትዬ ጥሩነሽ ከሰል ለብቻው ይነድ ጀመር። አላፊ አግዳሚው እንኳ የግቢው ሰው ጥግ ይዞ ሲያልፍ እያየ ጥግ ይዞ ያልፋል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ በቆሎ በልቼ ምንም እንዳልሆንኩ ጮክ ብዬ ስናገር እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ቁንጥጫው እንዲያ የከረረበትን ምክንያት ግን አላወቅኩትም። እትዬ ጥሩነሽ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። እማዬ ስትንቀጠቀጥ አጥሚት ሠርተው የሚያመጡላት እሳቸው ነበሩ።

ጋሽ በየነ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካኪ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ። ኪሶቻቸው በትንንሽ የመስታወት ቱቦዎች የተሞሉ ስለሆነ ሲራመዱ ቅጭል ቅጭል ይላሉ። ከወባ መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥተው፣ ሰው ሲጠፋ ተመልሰው የተጠሩ ናቸው። አንዲት ከአራዳ ወጥታ የማታውቅ ሴት ወባ ከያዛት ትንኟ አራዳ ውስጥ አለች ማለት ነው፤ እሷን ፈልጉ ተብለው ነው የተላኩት። አጠገባቸው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ለማ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

ጓድ ለማ በዚያው ሳምንት ስብሰባ ጠራ። ወባ የአድኅሮት ኃይሎች አጋር መሆኗን፣ ሰፊው ሕዝብ በነቃና በተደራጀ መንገድ እንደሚደመስሳት አስረዳ። የኅብረት ሱቁ ነጭ ጋዝ በየኩሬው እንዲደፋም ወሰነ። ሰው ለምድጃው ጋዝ አጥቶ በፍልጥ እያበሰለ በነበረበት ወቅት የቀበሌ ሰዎች በየቦዩ ጋዝ ሲያፈሱ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ያዩ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ "ምነው፣ ቦዩ ወጥ ሊሠራ ነው?" አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ለሳምንታት ያንን ሽታ ሸተተ።

ጋሽ በየነ ግን ጋዙ ከመድረሱ በፊት እየቀደሙ ያያሉ። አንድ ነጭ ጭልፋ ነበረቻቸው። በርሜል፣ ያረጀ ጎማ፣ ከግቢያችን አጠገብ ያለውን ፎቅ አሸንዳ፣ የፈረሰ ባኞ፣ ውሃ የያዘ ነገር ሁሉ ውስጥ ቀስ ብለው ይነክሯታል፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የጭልፋዋን ሆድ ለረጅም ጊዜ ይመለከታሉ። እኔ ትከሻቸው ሥር አንገቴን አስገባለሁ። አንድ ቀን አላባርርሽ ነገር አሉኝና ያዩትን ያሳዩኝ ጀመር።

"ይሄ የሚላወሰው እጭ ነው፤ ነገ ክንፍ አውጥቶ የሚበር። እይ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ነው የተንጠለጠለው። ይሄ ማታ ማታ ጆሮሽ ላይ የሚጮኸው ነው፤ ይበላሻል እንጂ ወባ አይሰጥሽም። የወባዋ ግን ውሃው ላይ ትጋደማለች። የተጋደመ ያየሽ ቀን ጥሪኝ።"

ከዚያ ወዲያ እኔ ትምህርት ቤት የምሄደው ለስሙ ነበር። ከትምህርት መልስ ያልከፈትኩት በርሜል የለም። የጎሚስታውን ጎማዎች፣ የኬክ ቤቱን ጓሮ፣ ወደ እሪ በከንቱ የሚወርደውን ቦይ አዳረስኩ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጋሽ በየነ በየቤቱ ገብተው ባትሪ እያበሩ ግድግዳ ያያሉ። የወባዋ ትንኝ ስታርፍ ቂጧን ወደ ላይ ሰቅላ ነው አሉኝ፤ ያንን ስሰማ ስቄ ልሞት ነበር። ትንኝ ሲያገኙ በአፋቸው በሚጠቡት ቱቦ ሳብ ያደርጓትና በመስታወት ውስጥ ያስቀሯታል። ወደ አፍዎ አትገባም ወይ ስላቸው ጫፉ ላይ የታሰረውን ስስ ጨርቅ አሳዩኝ፤ ቢሆንም አንዳንዴ ሲውጡ ያየኋቸው ይመስለኛል።

ሁሉም የተንጠለጠሉ ናቸው። አንድም የተጋደመ የለም። እኔ አራዳ ነፃ ወጣች ብዬ በየምሽቱ እየሮጥኩ ለእማዬ "ዛሬም አልተገኘችም" እላታለሁ፤ ደስ ይላታል ብዬ። እሷ ግን ፊቷ ይጠቁራል። "ምኑን ፈለጋችሁት፣ በደንብ ፈልጉ እንጂ" ትለኛለች። የነከሰቻት ትንኝ ተይዛ እንድትቀጣላት የምትፈልግ መሰለኝ፤ ባዶ ጭልፋ ባየሁ ቁጥር ደምሴን ለጓድ ለማ እያቀረብኩት መሆኔን ማን ይንገረኝ። እሷን ደስ ላሰኝ ብዬ ይበልጥ መፈለግ ጀመርኩ።

አንድ ከሰዓት ጋሽ በየነ ደክሟቸው ኬክ ቤት በራፍ ላይ ተቀመጥን። ለራሳቸው ማኪያቶ፣ ለእኔ ቦምቦሊኖ አዘዙ። ይህን ሥራ የት ተማሩት ብዬ ጠየቅኳቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡና ቀጭን እግራቸውን አሳዩኝ። "በዚች ነው" አሉ።

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ልጅ ሳሉ። ጣሊያን አዋሽ ዳር መንገድ ሲሠራ ሠራተኛው በንዳድ ያልቅበታል፤ ትንኟን የሚያጠና ሐኪም መጣ። ሐኪሙ ሲመሽ ትንንሽ ልጆችን እግራቸውን አስገልጦ ድንኳን ውስጥ ያስቀምጣል። ትንኟ እግርህ ላይ ስታርፍ፣ ሳትነክስህ በመስታወት ክደናት ነው ትእዛዙ። ጣሊያኖቹ አጎበር ውስጥ ይተኛሉ፤ እነ በየነ ደግሞ ትንኝ እንዲመጣላቸው ተገላልጠው ይቀመጣሉ። ጋሽ በየነ ፈጣን ስለነበሩ ሐኪሙ ይወዳቸዋል። አጠገባቸው የሚቀመጠው ልጅ ግን እንቅልፋም ነበር አሉ።

"እንቅልፋሙስ?" አልኳቸው።

"ንዳድ ያዘው። ኪኒኑ ሲመጣ መጀመሪያ ለነጮቹ፣ ከዚያ ለሾፌሮቹ ነበር" አሉና ማኪያቷቸውን ጠጡ። እኔ ጅል ነኝ፤ ልጁ ከዚያ በኋላ እንቅልፉን ተወ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ በየነ ሌላ ቦምቦሊኖ አዘዙልኝ። ልጁ መሞቱ የገባኝ ሁለተኛውን በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አገኘሁት። ከፎቁ ጀርባ፣ የተጣለ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ፣ ጥርት ያለ ውሃ ላይ፣ አንድ ትንሽ ነገር እንደ ስንጥር ተጋድሟል። ነካ ሳደርገው ወደ ጎን ተስፈነጠረና ተመልሶ ተጋደመ። እየጮህኩ ሮጥኩ። ጋሽ በየነ መጥተው በጭልፋ ቀዱት፣ መነጽራቸውን ወልውለው አዩት፣ ብዙ ቆዩ። "ተጋድሟል" አሉ።

እማዬ ይህን ስትሰማ ያቀፈችኝን አልረሳውም። አለቀሰችም ሳቀችም። እውነት ነው ወይ፣ ከአራዳ ነው ወይ፣ ጓድ ለማስ አይቷል ወይ እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ሱቋ ሄዳ ከረሜላ አመጣችልኝ፣ አንዱን ደርቤ ብወስድም አልተቆጣችም። ትንኝ ተገኘች ተብሎ እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም ኩራቴ ጣሪያ ነካ።

ጋሽ በየነ እጩን በብርጭቆ ውስጥ አኑረው፣ በወንፊት ጨርቅ ሸፍነው፣ ክንፍ እስኪያወጣ ጠበቁት። ሲበር ያዙትና በአጉሊ መነጽር ክንፉን እግሩን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ጓድ ለማም ባለበት ነገሩን ተናገሩ። የወባዋ ዘመድ ናት፣ አቀማመጧም ያው ነው፤ ግን ይቺ የደጋ ናት፣ ወባ አትሸከምም። አራዳ ውስጥ ወባ የምትሸከም ትንኝ የለችም።

እማዬ ይዛው የነበረው የክር ጥቅል ከእጇ ወደቀ። ጓድ ለማ ክሩን አንስቶ ሰጣትና፣ ትንኟ እዚህ ከሌለች እንግዲህ ሰው ነው ወደ ትንኟ የሄደው ማለት ነው አለ። ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ የወጣ ሰው ካለ ቀበሌው ያጣራል፤ እማዬንም ወይዘሮ አስካለ፣ ነገ ጠዋት ቀርበው ያስረዱ አላት። አነጋገሩ ለስላሳ ነበር። ከሄደ በኋላ ግን እማዬ ብርድ ሳይኖርባት መንቀጥቀጥ ጀመረች። እኔ ደግሞ ዛሬ እኮ ቀኑ አይደለም ብዬ ካፖርቱን ፍለጋ ሄድኩ።

ጋሽ በየነ አልሄዱም። በሩን ገርበብ አድርገው በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ። እስከዚያ ቀን እማዬን አንቱ ሲሏት የነበሩ ሰውዬ አንቺ አሏት።

"አስካለ፣ የት ነበርሽ አልልሽም። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። የነበርሽበት ቦታ የቀረ ሰው አለሽ?"

እማዬ የተፈታውን ክር መጠቅለል ጀመረች።

"አንቺ ጥቂት ቀን ሰንብተሽ እንዲህ ከሆንሽ፣ እዚያ የከረመ የአዲስ አበባ ልጅ ምን ይሆናል? ደሙ አለመደውም፤ ይገድለዋል። ኪኒን አለው?"

"የመንግሥት ሰው ነዎት" አለች እማዬ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። "ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

"የመንግሥት ሰው ነኝ። የመንግሥት ሥራዬ ወባ የያዘውን ማከም ነው። ሰው የሚለቅሙ ሌሎች ናቸው።"

እማዬ እኔን አየችኝ። ውጪ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ አላለችኝም። መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። "ደምሴ ጊቤ ዳር ነው፣ ከወንድሜ ቤት። ስለየው ራሱን አሞት ነበር፣ ፀሐይ ነው ብሎኝ ትቼው መጣሁ።" ይህን ስትል እንባዋ ጠብ አለ። ሳል እንደያዘው ሰው በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች፤ ጋሽ በየነም አልቅሳ እስኪወጣላት ጠበቋት።

እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ለካስ አልኮበለለም። ለካስ ደብተሬን ጠልቶ፣ እኛን ጠልቶ አይደለም። መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታ ነው፤ እሸቱ ውሸት፣ እንጦጦ ውሸት፣ እኔ የለፋሁበት በርሜል ሁሉ እማዬን የሚያጋልጥ መሆኑ ወደ ልቤ የደረሰው ዘግየት ብሎ ነው። እማዬ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ። "ሰማሽ?" አለችኝ።

"አልሰማሁም" አልኳት።

በማግስቱ ቀበሌ አብሬያት ሄድኩ። ጋሽ በየነ ቀድመው ተቀምጠዋል። ጓድ ለማ ገና ጥያቄውን ሳይጀምር፣ ምርመራዬን ጨርሻለሁ አሉት። ወይዘሮ አስካለ የሚኖሩት አትክልት ተራ አፍንጫ ላይ ነው። ሙዝና ቲማቲም የጫነ መኪና በየቀኑ ከቆላ ይመጣል፤ ትንኝ ደግሞ ሸራ ሥር ተሸሽጋ ረጅም መንገድ ትሄዳለች። አንዷ እንዲያ ተሳፍራ መጥታ፣ ከመኪናው ወርዳ መጀመሪያ ያገኘችውን ሰው ብትነክስ የሚያስገርም አይደለም። ይህ በሌላም አገር የሚደርስ ነገር ነው አሉ፤ ዓይናቸው አልተርገበገበም።

ጓድ ለማ ብዙ አሰበ። "ያለ ይለፍ?" አለ በመጨረሻ፣ ከልቡ።

"ያለ ይለፍ" አሉ ጋሽ በየነ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አትክልት ተራ የሚገባ የሙዝ መኪና ሁሉ መድኃኒት እንዲነፋበት ጓድ ለማ አዘዘ፤ ሾፌሮቹ ሲራገሙት ከእኛ ቤት ይሰማ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ወሬ ሆዴ ይዤ ስንት ጊዜ ልፈነዳ እንደነበር የምታውቀው ትራሴ ናት። ጓደኞቼ ብዙነሽ ታማለች መሰለኝ፣ ዝም አለች ብለው ለእማዬ ነገሯት።

ከቀበሌ የተመለስን ዕለት እማዬ በቀጥታ ወደ ቤት አልገባችም። እትዬ ጥሩነሽ ከሰል ፊት ቆመች። በቆሎው ወቅቱ እያለፈ ጠንክሯል፤ ቢሆንም ጥበሽልኝ አለቻት። እትዬ ጥሩነሽ ቀና ብለው አዩዋትና ጠበሱላት። እማዬ መንገዱ ዳር ቆማ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ እስከ ቆረቆንዳው በላችው። "እሸት አይደለም ያሳመመኝ፣ ትንኝ ናት፤ ሳላውቅ ስምሽን አጠፋሁ" አለቻት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሳላውቅ ያለችው ውሸት ነበር፤ ሌላ ምን ትበል። እትዬ ጥሩነሽ "አውቄያለሁ እኮ፣ እኔ ራሴ ስበላው የኖርኩት ነው" አሉና አንድ ደግመው ሰጧት።

ጋሽ በየነ በዚያው ሰሞን ለሥራ ወደ ጊቤ ወረዱ። የወባ መሥሪያ ቤት መኪና ኬላ ላይ አይፈተሽም። እማዬ ደብዳቤም ስንቅም ልላክ ብላ ብትለምናቸው እምቢ አሉ፤ ኪኒን ብቻ ነው የምይዘው አሏት። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ቆሻሻውን በየደጁ ሲያቃጥል እማዬ ጭሱ ውስጥ ቆማ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየኋት። ሱቋ ውስጥ መልስ ትሳሳታለች። ሐኪም ቤት የሰጧትን ኪኒን ጨርሳ ድናለች፤ እንቅልፍ ግን አልነበራትም። እኔ ደግሞ ያ እንቅልፋም ልጅ ትዝ እያለኝ፣ ደምሴ ጠዋት ጠዋት በጥፊ ካልሆነ የማይነሳ መሆኑን አስብ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ጓድ ለማ ራሱ መልእክት ይዞ መጣ። ወባ የያዘው ሰው ደሙን ተመልሶ ማሳየት ደንብ ነውና ወይዘሮ አስካለ፣ የወባ መሥሪያ ቤቱ ይፈልግዎታል አላት። በማግስቱ እጄን ይዛ ሄድን። ክፍሉ ረጅም ነው፤ መታጠቢያው በቀለም ሐምራዊ ሆኗል፣ ጠረጴዛው ላይ ማይክሮስኮፖች ተደርድረዋል፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሠራተኞች አጎንብሰው ያያሉ። ጋሽ በየነ ፊታቸው ከስሎ፣ ከቀድሞው ይልቅ ቀጥነው አንድ ጥግ ተቀምጠዋል። እማዬ ስታያቸው እግሯ ቆመ። ሰው ስለነበረ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጡም።

ጣቷን ወጓት፣ ደሙን መስታወት ላይ ቀቡት፣ ቀለም ነከሩት፣ ጠበቅን። ጋሽ በየነ አይተው ሲጨርሱ ንጹህ ነሽ አሏትና ነይ እይው ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላት። እማዬ ለደንቡ ያህል አየችና ቀና አለች፤ የፈለገችው እሱን አልነበረም። ያን ጊዜ ጋሽ በየነ ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ሌላ መስታወት አወጡ። ቀስ ብለው አስቀመጡት፣ አስተካከሉት።

"ይሄንም እይው። ከጊቤ ዳር ነው" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። "ስደርስ ወድቆ ነበር። ኪኒኑን ጨርሶ፣ ተነስቶ መራመድ ሲጀምር፣ ልመጣ ስል የወሰድኩት ነው። ንጹህ ነው።"

እማዬ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ሲነካ አልሰማችውም። ማይክሮስኮፑን በሁለት እጇ ያዘችው። ዓይኗን አስጠጋች።

"ሲወጉት አልጮኸም?" አለች።

"ሳቀ።"

ተራ የሚጠብቅ ሠራተኛ ከኋላችን መጥቶ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ በየነ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ላኩት። እኔ፣ ያ ሁሉ በርሜል ውስጥ አንገቴን ስከት የኖርኩት ልጅ፣ እኔም ልይ ብዬ አልጠየቅኩም። የእማዬን ነጠላ ከመሬት አነሳሁና ይዤላት ቆምኩ።

ብዙ ቆይታ፣ ዓይኗን ሳታነሳ "እሱን ይመስላል" አለች።

ጋሽ በየነ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ደም ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ቁርጥ እሱን" አሏት።